ፈተና ላይ ስልክ የተገኘበት ተማሪ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ከመቅረቡ በፊት ማድረግ ያለበት

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ታናሽ ወንድማቸው ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። በፋይናል ፈተና መካከል ኪሱ ውስጥ የነበረው ስልክ ጠራበትና ፈታኙ ስልኩንም የመልስ ወረቀቱንም ተቀብሎ ከአዳራሹ አስወጣው። በዚያው ቀን ትምህርት ክፍሉ ቢሮ ውስጥ «ጥፋተኛ ነኝ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ» የሚል ወረቀት ፈርሟል። አሁን የፊታችን ሐሙስ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ በክፍል ተጠሪው በኩል በቃል ተነግሮታል። ጠያቂዋ ወንድማቸው ከትምህርቱ ሊባረር ይችላል ወይ፣ ጠበቃ ማቆም ይቻላል ወይ፣ አባታቸው ሄደው ቢለምኑለትስ ይጠቅመዋል ወይ ብለዋል።

ቀኑ ቅርብ ስለሆነ ከሁሉ በሚቀድመው ልጀምር። ወንድምዎ ከሐሙስ በፊት ሁለት ነገሮችን እጁ ማስገባት አለበት። አንደኛው የተከሰሰበትን ጥፋትና ተጣሰ የተባለውን አንቀጽ የሚገልጽ የጽሑፍ ክስ ነው፤ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ (የተቋሙ የውስጥ መተዳደሪያ) እና፣ ካለ ደግሞ፣ የተማሪዎች የሥነ ምግባር መመሪያ ነው። እነዚህን ሳያነብ የሚቀርብ ተማሪ ለምን እንደሚመልስ ሳያውቅ ይናገራል፤ የተናገረው ሁሉ ግን በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለዘጠኝ ዓመታት መጀመሪያ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ቀጥሎም የሕግ አገልግሎት ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከጥፋቱ ክብደት ይልቅ ተማሪዎችን ሲጎዳ ያየሁት፣ በፋይሉ ውስጥ የፈታኙ ሪፖርት፣ የትምህርት ክፍሉ መሸኛና የይቅርታ ወረቀቱ ተደርድረው ሳለ የተማሪው የራሱ ማስረጃ ያለው መልስ አለመኖሩ ነው። ይግባኝ ሰሚውም ሆነ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የሚያየው ያንኑ ፋይል ነው።

የነገሩ ሕጋዊ መሠረት እንዲህ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተማሪዎችን መብትና ግዴታ በጥቅሉ ደንግጎ ዝርዝሩን ለየተቋማቱ ይተወዋል፤ በመሆኑም የጥፋቱን ዓይነት፣ የቅጣቱን መጠንና የአሰማሙን ሥርዓት የሚወስነው በዋናነት የዩኒቨርሲቲው የራሱ የሴኔት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ጓደኛው «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ያለውን ይዞ መከራከር ያሳስተዋል። ከዚህ ሌላ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ። አዋጁ የፌዴራል የአስተዳደር ተቋማት በሰው መብትና ጥቅም ላይ ሲወስኑ ባለጉዳዩን አስቀድመው እንዲሰሙ፣ የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው ከውሳኔው እንዲገለል፣ ውሳኔውም በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዲሲፕሊን ውሳኔ በዚህ ሚዛን መመዘን አለበት የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ወንድምዎም በሚጽፈው መልስ ላይ አዋጁን በስምና በቁጥር ቢጠቅስ አይጎዳውም። በግል ኮሌጅ የሚማር ሰው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይበልጥ ተማሪው ሲመዘገብ ከፈረመው ውልና ከኮሌጁ ደንብ ላይ ይነሣ ነበር።

የጽሑፍ ክሱን ከማን ይጠይቃል? በብዙ ግቢዎች የፈተናና የትምህርት ነክ ጥፋት በኮሌጁ ወይም በኢንስቲትዩቱ በኩል፣ የዶርም፣ የካፌና የጸጥታ ጉዳይ ደግሞ በተማሪዎች ዲን በኩል ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥሪው ከየትኛው ቢሮ እንደመጣ ያጣራ፤ ከዚያም ለዚያ ቢሮ ሦስት ነገር ብቻ የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ ያስገባ፦ ክሱ በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ የፈታኙ ሪፖርት ቅጂ ይሰጠኝ፣ መልስ ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ ይሰጠኝ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መውጣት አይበቃም። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው። ቀጠሮው ቢራዘምለት መልካም ነው፤ መልስ ካላገኘ ግን ሐሙስ መቅረት የለበትም። የቀረ ተማሪ «በሌለበት ታየ» ይባላል፤ ቀርቶ የነበረበትን ምክንያት በኋላ ማስረዳት ደግሞ ቀርቦ ጥያቄውን በቃለ ጉባኤ ከማስመዝገብ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ቀርቦ «ክሱ በጽሑፍ አልደረሰኝም፤ ይህ ይመዝገብልኝ» ይበል። ጨዋ በሆነ አነጋገር እስከተባለ ድረስ ይህን የሚቆጣ ሰብሳቢ አላጋጠመኝም።

ወደ ፈረመው ወረቀት ልምጣ፤ ከነገሩ ሁሉ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ፈተና ላይ የተያዘ ልጅ ከአዳራሹ ወጥቶ ቢሮ ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያስበው የቤተሰቡን ፊት ነው። በዚያ ሰዓት «ይቅርታ ጻፍና እንየው» ሲባል የታዘዘውን ሁሉ ይጽፋል። ወረቀቱ ግን በኋላ ከፋይሉ ፊት ይያያዝና ኮሚቴው ሲሰበሰብ «እሱ ራሱ አምኗል» ተብሎ ይነበባል። ወንድምዎ ይህን ወረቀት አልፈረምኩም ማለት የለበትም፤ ፈርሟልና። የሚችለውና የሚገባው ምን አምኖ እንደፈረመ ማብራራት ነው። «ጥፋተኛ ነኝ» ያለው ስልክ ይዞ በመግባቱ ከሆነ፣ በስልኩ መልስ አላነበብኩም፣ ለማንም አልላኩም ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ጽሑፉን ማን እንዳዘጋጀው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ማን ማን ቢሮው ውስጥ እንደነበረና ምን እንደተባለም ይግለጽ። ሌላ ሰው በኮምፒውተር አዘጋጅቶት እሱ ፊርማ ብቻ ካኖረበት፣ ይህ ራሱ ለኮሚቴው የሚነገር ቁም ነገር ነው።

በእኔ አስተያየት የዚህ ክስ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ኪስ ውስጥ የጠራ ስልክና ጠረጴዛ ሥር መልስ ሲነበብበት የተገኘ ስልክ አንድ አይደሉም። የሴኔት ሕጉ የተከለከለ ዕቃ ይዞ መግባትን ከመኮረጅ ለይቶ የሚያስቀምጥ ከሆነ ቅጣቱም ይለያያል፤ «ስልክ ይዞ የተገኘ እንደኮረጀ ይቆጠራል» የሚል ከሆነ ደግሞ ወንድምዎ ይህን ከሐሙስ በፊት ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ክርክሩ ጥፋት ከመኖር አለመኖሩ ወደ ቅጣቱ ልክ ይዞራል። የፈተና መግቢያ ማሳሰቢያው ምን ይል እንደነበር፣ በር ላይ ፍተሻ ነበረ ወይ፣ ስልክ የሚቀመጥበት ቦታ ተዘጋጅቶ ነበር ወይ፣ ፈታኙ ከመጀመሩ በፊት «ስልክ ያላችሁ አስረክቡ» ብሎ ነበር ወይ የሚሉት ጥያቄዎችም ቀላል አይደሉም።

ማስረጃውን ለማየት መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ አጤሬራ ይዛ ተገኘች ተብላ እኛ ፊት ቀረበች። ከሪፖርቱ ጋር የመጣችው ወረቀት ከመዳፍ የምታንስ፣ በሁለቱም ገጽ በጥቃቅን ጽሕፈት የተሞላች ነበረች። ልጅቷ ታለቅስ ስለነበር አንድም ነገር በቅጡ አልተናገረችም፤ እኛም ለቅሶዋን እንደ ማመን ቆጠርነው። ጉዳዩ ሊዘጋ ሲል አንድ የሒሳብ መምህር የሆኑ የኮሚቴ አባል ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ማንበብ ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይተውም «ይህ እኮ ፊዚክስ ነው» አሉ። ልጅቷ በዚያ ሰዓት የተፈተነችው ኢኮኖሚክስ ነበር። የፈተና ፕሮግራሙ ሲመጣ በዚያው አዳራሽ ጠዋት የሌላ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ ተፈትነዋል። ፈታኙ ተጠርተው ሲጠየቁም ወረቀቷን ያነሱት ከወንበሩ ሥር እንደሆነ አልካዱም፤ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን «ይዛ ተገኘች» የሚል ነበር። ያችን ወረቀት ከፋይሉ ጋር ያያያዝኳት እኔ ነበርኩ፤ ሳያያዛት ግን አንድም መስመር አላነበብኩም ነበር። ልጅቷ ነፃ ወጣች፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማስረጃውን በእጄ ይዤ ሳላነብ አጀንዳ ይዤ አልገባሁም።

በወንድምዎ ጉዳይ ከዚህች ወረቀት ጋር የሚመሳሰለው ስልኩ ራሱ ነው። ስልኩ አሁን ማን እጅ ነው? ሲወሰድ የርክክብ ወረቀት ተፈርሟል ወይ? ጠርቶ ያልተነሣ ጥሪ ከሆነ ስልኩ ላይ ሰዓቱና የደዋዩ ቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል፤ ደዋዩ እናቱ ወይም የዶርም ጓደኛው ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት መደወሉን ያ ሰው በጽሑፍ ሊመሰክርለት ይችላል። በፈተናው ሰዓት የተላከም የተከፈተም መልእክት አለመኖሩ ከምንም ዓይነት ልመና የበለጠ ይናገርለታል። ስለዚህ ስልኩ እሱ ባለበት፣ በኮሚቴው ፊት፣ የፈተናውን ሰዓት ብቻ በተመለከተ እንዲታይ ራሱ ይጠይቅ። ሙሉ ስልኩን፣ ፎቶውንና የግል መልእክቱን ሁሉ ማንም ይበርብረው ማለት አይደለም። ስልኩ ከተመለሰለት ደግሞ ምንም ነገር አይሰርዝበት። የመልስ ወረቀቱም አብሮ ይታይለት፤ በእጁ የሠራው ስሌት ከነስርዝ ድልዙ ካለበት፣ ይህ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ መልስ መልክ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወንድምዎ በእርግጥ ኮርጆ ከሆነ አልኮረጅኩም እንዲል ፈጽሞ አልመክርም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እየወሰዱ ነው፤ በኩረጃ የተሻገረ ኮርስ እዚያ ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል። ሌሊቱን ሲያጠና ያደረና በወጉ የተፈተነ ተማሪም ፍትሕ ይገባዋል፤ ኮሚቴ የሚኖረው ለእሱም ጭምር ነው። ያጠፋ ሰው ያጠፋውን ያህል ብቻ አምኖ፣ ለምን እንደሆነ አስረድቶ፣ ቅጣቱ እንዲቀልለት ሊጠይቅ ይችላል። ያላደረገውን ግን ከፍርሃት የተነሣ አብሮ አይመን።

ሐሙስ ዕለት የሚገጥሙት ሰዎች እንደ ግቢው ይለያያሉ፤ ብዙውን ጊዜ መምህራን፣ የተማሪዎች ዲን ተወካይ፣ የተማሪዎች ኅብረት ተወካይና አንድ ጸሐፊ ይኖራሉ። ፈታኙ ወይም የኮርሱ መምህር ከአባላቱ መካከል ከተቀመጠ፣ ከሳሽና ወሳኝ አንድ ሰው መሆን ስለማይገባው፣ እንዲነሣ ገና ከመጀመሪያው ይጠይቅ፤ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ማንሣት ክብደቱን ይቀንሰዋል። ፈታኙ እንደ ምስክር ከቀረበ ግን ጥያቄ እንዲጠይቀው ይፈቀድለት ዘንድ ያመልክት። ጥያቄው «ስልኩን ስጠቀምበት አይተዋል?» የሚል አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ቢሆን ይበቃል። ቋንቋም ይታሰብበት። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ስብሰባው በአማርኛ ተካሂዶ፣ ተማሪው ደግሞ ይበልጥ የሚቀናው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ሆኖ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የወንድምዎ ጉዳይ ይህ ባይሆንም፣ ለሚመለከተው ሁሉ አስተርጓሚ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሲወጣ ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን ቃሉን ሳያነብ አይፈርም፤ የተሳሳተ ካለ ይታረምልኝ ይበል።

ጠበቃን በተመለከተ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ጉዳይ የውስጥ አስተዳደር ጉዳይ አድርገው ስለሚያዩት ጠበቃ ኮሚቴ ፊት ቆሞ እንዲከራከር አይፈቅዱም፤ የሴኔት ሕጉ የሚለውን ያንብቡ። መልሱን በማዘጋጀት ግን ጠበቃ ሊረዳ ይችላል፤ ለዚህ ማንም ከልካይ የለም። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ማዕከል በገዛ ተቋሙ ላይ ለመቆም ሊቸገር ስለሚችል፣ ከተቻለ ሌላ ቦታ ያለውን መሞከር ይሻላል።

አባትዎ ሄደው ስለመለመናቸው የጠየቁት ከልብ የመጣ ጥያቄ ነው፤ እኔም በአክብሮት ልመልስልዎ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው ቢሮአችን በር ላይ የጠበቁንን አባቶች ብዛት አልረሳውም። አንዳንዶቹ «ልጄ አጥፍቷል፣ ማሩልኝ» ይላሉ፤ ልጃቸው ግን ገና አልተሰማም፣ አጥፍቷልም አልተባለም። ልመናው ከውሳኔ በፊት ሲመጣ አባት ሳያውቁት የልጃቸውን ክርክር ይዘጉበታል። ስለዚህ አባትዎ ከሐሙስ በፊት ወደ ኮሚቴ አባላት ቤትም ቢሮም ባይሄዱ እመክራለሁ። መሄድ ካለባቸው ወደ ልጃቸው ይሂዱ። እንዲህ ያለ ሳምንት ላይ ዶርም ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ ልጅ ሰው ያስፈልገዋል። «ሰው አለኝ፣ ገንዘብ አምጡና እጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ ብቅ ካለ ደግሞ አያናግሩት፤ ከተደረሰበት ትንሹ ጉዳይ ወደ ወንጀል ይለወጣል።

ሊባረር ይችላል ወይ ላሉት፣ ከቃል ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻ ስንብት የሚደርስ የቅጣት መሰላል በየሴኔት ሕጉ አለ። ለፈተና ጥፋት በተለምዶ የሚሰጠው በኮርሱ ኤፍ ማግኘት፣ ከባድ ሲሆን ደግሞ ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት መታገድ ነው፤ የመጨረሻ ስንብት በአብዛኛው ለተደጋገመ ጥፋት፣ በሌላ ሰው ስም ለመፈተንና ለመሳሰሉት ይቀመጣል። ከዚህ በፊት ተቀጥቶ የማያውቅ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ የጠራበት ተማሪ በዚህ ብቻ ለዘለቄታው ቢሰናበት ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም ብዬ አምናለሁ፤ ይህም ራሱን የቻለ የይግባኝ ምክንያት ነው። ከታገደ ግቢውን ሲለቅ ክሊራንስ ጨርሶ ይውጣ፣ የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ የሚገባበትን ቀንም ከሬጅስትራር አረጋግጦ ይያዝ። ያለ ክሊራንስ ወጥተው፣ የእገዳው ጊዜ ሲያልቅ በዚያ ሰበብ ሌላ ዓመት የባከነባቸው ልጆች አውቃለሁ።

ውሳኔው ካልተስማማው የይግባኝ ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው ደብዳቤው እጁ ከገባበት ዕለት ነው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን ብቻ ለጥፈው ከሆነ ደብዳቤው በጽሑፍ እንዲሰጠው ወዲያው ያመልክት። የይግባኝ ጊዜው በየግቢው አጭር ነውና «ሰዎቹ እስኪበርዱ» ብሎ አይጠብቅ። ይግባኙ «ማሩኝ» የሚል ብቻ እንዳይሆን፤ ያልተሰማ ማስረጃ፣ ያልተከበረ ሥርዓት፣ ያልተመጣጠነ ቅጣት ካለ አንድ በአንድ ይጠቀስ። የውስጡ ይግባኝ ሲያልቅ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክለሳ አቤቱታ የማቅረብ መንገድ አለ፤ የውስጡን መንገድ ሳይጨርስ በቀጥታ የሄደ ግን ተመለስ መባሉ አይቀርም። ፍርድ ቤቱ በፈታኝ ወይም በመምህር ቦታ ተቀምጦ ውጤት አይሰጥም፤ የሚመረምረው ውሳኔው ሕግንና ሥርዓትን ተከትሎ መሰጠቱን ነው። የእንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል።

አሁን ዛሬ ማታ የሚሠራውን ልንገርዎ። ወንድምዎ ከጠዋቱ ጀምሮ እስከ ቢሮው ድረስ የሆነውን ሁሉ በሰዓት ቅደም ተከተል፣ በራሱ እጅና በራሱ ቋንቋ ይጻፍ፤ አዳራሹ ውስጥ በስተግራውና በስተቀኙ ማን እንደተቀመጠ፣ ስልኩ የቱ ኪስ ውስጥ እንደነበረ፣ ሲጠራ እጁ ምን ላይ እንደነበረ ሳይቀር ይጻፈው። እርስዎ በስልክ ያስነብቡትና ያልገባዎትን ይጠይቁት፤ እርስዎ ያልገባዎት ነገር ኮሚቴውንም አይገባውም። ከዚያ ከሁለት ገጽ በማይበልጥ መልክ ገልብጦ በሁለት ቅጂ ያዘጋጀው። አንዱን ረቡዕ ጠዋት ለቢሮው ያስገባ፤ በሁለተኛው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርጎ ሐሙስ ይዞት ይግባ።